ዘመድ የሌለው ዳኛ

ሥልጣኔ ወደ አንድ አገር ሲገባ ባዶ እጁን አይመጣም፤ በአንድ እጁ ጥቅምን፣ በሌላው እጁ ፈተናን ይዞ ይመጣል እንጂ። አውቶሞቢል የሩቁን መንገድ አቀረበልን፤ ነገር ግን በየመንገዱ የምናጣቸውን ወገኖቻችንንም አበዛብን። ስልክ የወዳጅን ድምፅ ከሩቅ አመጣልን፤ የሐሜትንም እግር አፈጠነ። በዘመናችን የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ወይም በብዙ ሰው አፍ እንደሚጠራው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ከቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የቀድሞዎቹ የሰውን ክንድና እግር ለማገዝ የተሠሩ ነበሩ። ይህኛው ግን የሰውን ሐሳብ ሊያግዝ፣ አልፎም የሰውን ልብ ሊመረምር መጥቷል። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ በሁለተኛው ተግባሩ ላይ ነው። የሠራተኛን ጠባይ፣ ጭንቀትና ብቃት በዚህ መሣሪያ መመርመር ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ እስከ ምን ድረስ?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ወደ አሶሳ ሄጄ ሳለሁ አንድ ወጣት ያቀረበልኝ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ ማንጎና ቀርከሃ የሞላበት አገር፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ወጣቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች አስተዳደር ጸሐፊ ነው። ከማንጎ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን ጥቂት ከተጫወትን በኋላ፣ «ጋሼ፣ አንድ የከበደኝ ነገር አለ፤ ላማክርዎ?» አለኝ።

«ምን ገጠመህ ልጄ?» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታቸው የሠራተኞች ጠብና ከሥራ መቅረት በዛ። አለቃው ምክንያቱን ለማወቅ ብለው፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ንዴትና ስለ ጭንቀት የሚጠይቅ፣ 20 ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት አሠርተው ለ41 ሠራተኞች አደሉ። «ለራሳችሁ ጥቅም ነው፤ በእውነት መልሱ» ተባለ። ሠራተኞቹም አምነው መለሱ። ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ግን አለቃው ወጣቱን ጠርተው፣ በስልኩ ላለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሱን ከነስሙ እየሰጠ፣ ማን ጠንካራ ማን ደካማ እንደሆነ በተራ እንዲያስቀምጥለት አዘዙት። ልጁ ሌሊቱን ሲጽፍ አደረ። መሣሪያው ግን የ41ዱን ሰው ልብ መዝኖ ለመጨረስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም።

በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነች አንዲት እናት ተገኘች። ይህች ሴት ከመተከል ተፈናቅላ ልጆቿን ይዛ የመጣች ናት። ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሣት፣ አንዳንድ ጊዜም ብቻዋን ሆና እንደምታለቅስ ሳትደብቅ ጽፋለች። መሣሪያው በስሟ ትይዩ «ለኃላፊነት ቦታ አትመከርም» ብሎ ጽፎባታል። ወጣቱ ግን ያውቃታል፤ ማለዳ ቢሮውን የምትከፍተው እርሷ ናት፤ በእጅዋ የገባ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ፤ እርሷም አመለከተች። ያ ዝርዝር ደግሞ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«አለቃህ ክፉ ሰው ናቸውን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የለም ጋሼ፤ ደግ ሰው ናቸው። ‹እኔ ብመርጥ ዘመዱን ሾመ እባላለሁ፤ አንተ ብትመርጥ ለወገኑ አደላ ትባላለህ፤ መኪና ግን ዘመድ የለውም› ነው ያሉኝ» አለኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ቀላል አድርገህ እንዳታየው። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥቶ የሰፈረው፣ ከዚያም ወዲያ ከየአቅጣጫው ለሥራ የመጣው ሁሉ አብሮ በሚኖርበት አገር፣ አንድ ሹም ሰው በመረጠ ቁጥር «ለማን አደላ?» መባሉ አይቀርም። ነገሩ የአሶሳ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የቆየ በሽታ ነው። ስለዚህ ዘመድ የሌለው ዳኛ ቢገኝ ማን ይጠላል? እኔም ወጣቱ ሲነግረኝ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው፣ አለቃው የሳቱት እዚሁ ላይ መሆኑ ታየኝ። መኪናውም ዘመድ አለው።

ይህ መሣሪያ ዕውቀቱን ከሰማይ አላወረደውም። ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ፣ የትኛው ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ተምሮ፣ በተማረው መሠረት የሚመልስ ነው። ስለዚህ ዘመዶቹ ያሳደጉት ወረቀቶች ናቸው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ታላቅ የንግድ ኩባንያ ሥራ ፈላጊዎችን የሚመርጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊሠራ ሞክሮ ነበር። መሣሪያውን ያሠለጠኑት ለ10 ዓመት በተከማቹ የሥራ ማመልከቻዎች ነው፤ አብዛኞቹ አመልካቾች ደግሞ ወንዶች ነበሩ። መሣሪያውም ከዚህ ተነሥቶ «ሴት» የሚል ቃል ያለበትን ማመልከቻ ዝቅ ያደርግ ጀመር። ኩባንያው ሊያርመው ሞክሮ በመጨረሻ ተወው፤ ወሬውም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በዓለም ተሰማ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ማንንም እንዲጠላ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ባሳደጉት ወረቀቶች ውስጥ የነበረውን አድልዎ በጡት እንደጠባ ልጅ ይዞት አደገ እንጂ።

የሰው አድልዎና የመሣሪያ አድልዎ አንድ ልዩነት አላቸው። ያደላ ሹም ይታወቃል፤ ይታማል፤ ይከሰሳል፤ ከይግባኝ ሰሚ ፊት ቀርቦ «ስለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። መሣሪያው ግን ሲያደላ ቁጥር ለብሶ ስለሚመጣ እውነት ይመስላል። ቢጠየቅም ቋንቋው ያማረ ምክንያት ያቀርባል እንጂ፣ የወሰነበትን ትክክለኛ ምክንያት ራሱ አያውቀውም።

የሥራን ዓለም በሥነ ልቡና መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ምልምሎች የአእምሮ ፈተና ሰጡ። ማንበብ ለማይችሉት በሥዕል የተዘጋጀ ፈተና ነበረ። ከሥዕሎቹ አንዱ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ሲሆን፣ ተፈታኙ የጎደለውን ነገር እንዲያሳይ ይጠየቅ ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ከሩቅ አገር የመጣ ገበሬ ይህን ባለማወቁ አእምሮው ደካማ ነው ተባለ። ከዚህም የተነሣ ካርል ብሪገም የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ፣ ከአንዳንድ አገሮች የሚመጡት ሰዎች በአእምሮ ዝቅተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ። ይኸው ሰው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እንዲህ ያለው ማወዳደር መሠረት የለውም ብሎ የራሱን ቃል ሻረ። መጸጸቱ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም.፣ ስደተኞችን በአገራቸው ለይቶ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። የሊቅ ጸጸት የተዘጋውን በር መልሶ አልከፈተም።

ከሩቅ አገር ታሪክ ወደ ራሳችን እንመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ የሰውን ጭንቀት ለማወቅ «አዎን» ወይም «አይደለም» እየተባለ የሚመለስ አንድ የጥያቄ ወረቀት አለ። ኮርትማን የተባለ የኔዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ከአንዲት ባልደረባው ጋር ሆኖ ይህን ወረቀት በኢትዮጵያውያን ላይ መርምሮ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ያገኘውም ነገር ጥያቄው በጠያቂው ልብ የነበረው ፍቺና ተጠያቂው የተረዳው ፍቺ ብዙ ጊዜ የማይገናኙ መሆናቸውን ነው። ከዚህም በላይ ሰዎቹ ሲመልሱ፣ መልሳቸው ምን እንደሚያስገኝላቸው ወይም ምን እንደሚያስቀርባቸው እያሰቡ ይመልሱ ነበር።

ይህን እኛ ስንሰማ አያስደንቀንም። አማርኛ ተናጋሪ ሲያዝን «ሆዴ ባሰኝ» ይላል፤ ሲራራ «አንጀቴ ተንሰፈሰፈ» ይላል፤ ሲናደድ «ጨጓራዬ ተቃጠለ» ይላል። ይህን በባዕድ ቋንቋ ያደገ መሣሪያ ቢያነበው የሆድ ሕመምተኛ የበዛበት መሥሪያ ቤት ሊመስለው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ጭንቅ የያዘው ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው ይላል። እንግዲህ «ደኅና ነኝ» ያለው ሁሉ ጤነኛ፣ እውነቱን የጻፈው ሁሉ ደካማ ከተባለ፣ ምርመራው የሚቀጣው የታመኑትን ሰዎች ነው ማለት ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የብዙ ሠራተኞች የእናት ቋንቋ ግን በርትኛ፣ ጉሙዝኛ ወይም ሺናሽኛ ነው። መሣሪያዎቹን ካሳደጓቸው ጽሑፎች ውስጥ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ጥቂት ነው፤ የእነዚህ ቋንቋዎች ጽሑፍ ግን ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ደግሞም የበርታና የጉሙዝ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍቺ የሚለይባቸው ናቸው። በዓለም ገበያ ከሚሸጡት መሣሪያዎች መካከል የሰውን ድምፅ አዳምጠው «ይህ ሰው ተቆጥቷል፤ ያኛው ፈርቷል» የሚሉ አሉ። በእናት ቋንቋው ቅላጼ የሚናገር አንድ የጉሙዝ ወጣት እንዲህ ባለው መሣሪያ ፊት ቢቀርብ፣ ቅላጼው ቁጣ ተብሎ ሊመዘገብበት አይችልምን?

ፊትን አይቶ ስሜትን አውቃለሁ የሚለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሊሳ ፌልድማን ባሬት የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን መርምረው፣ ከፊት እንቅስቃሴ ብቻ ተነሥቶ የሰውን የልብ ስሜት በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል አስረድተዋል። የሥራ ፈላጊዎችን ፊት በዚህ ዓይነት ይመረምር የነበረው ሃየርቪው የተባለ የአሜሪካ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህን አሠራር መተዉን አስታውቋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ በሥራና በትምህርት ቦታ የሰውን ስሜት በእንዲህ ያለ መሣሪያ መመርመርን በሕግ ከልክሏል። የአውሮፓ አገሮች ለራሳቸው ሠራተኛ የከለከሉትን እኛ በደስታ ብንቀበለው ምን ይባላል?

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞች ገብተዋል፤ እነርሱን የሚቀበሉ የጤና፣ የትምህርትና የእርዳታ ሠራተኞች በየቀኑ የሰው መከራ ሲሰሙ ይውላሉ። በእንዲህ ያለ አገር ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛ ቢገኝ የጠባይ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ያን ሁሉ አይቶ ምንም ያልመሰለው ሰው ቢኖር ነው የሚያስፈራው። መሣሪያው ይህን አላወቀም። ያወቀው «እንቅልፍ ማጣት» የሚለው ቃል በብዙ ጽሑፍ ውስጥ «የሥራ ብቃት ማነስ» ከሚለው ጋር አብሮ መምጣቱን ብቻ ነው። ማለዳ የሚከፈተውን ቢሮና ያልጠፋውን ፋይል በየትኛው ጽሑፍ ላይ ያገኘዋል?

ከዚህም ሌላ የምሥጢር ነገር አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። ለነፍስ አባት ወይም ለሼኽ፣ ለሐኪም ወይም ለሽማግሌ የተነገረ ነገር እዚያው እንዲቀር የሚያደርግ መሐላና ይሉኝታ አለ። በስልክ ውስጥ ላለው መሣሪያ የተሰጠ ቃል ግን ባሕር ተሻግሮ ከባዕድ አገር መዝገብ ይገባል። ሕገ መንግሥታችን በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የአካልና የአእምሮ ጤና ነገር ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ቆጥሮታል፤ መረጃ ከአገር የሚወጣበትንም ሁኔታ ወስኗል። «ሠራተኞቹ ፈቅደው ነው» የሚል ቢኖር፣ ደመወዙ በእጅህ ያለ ሰው ወረቀት ስትሰጠው «እንቢ» ሊልህ ይችላልን? እንቢ ማለት የማይቻልበት ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

ይህን ሁሉ ስል የአዲስ ጥበብ ጠላት መስዬ እንዳልታይ እፈራለሁ። የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቡና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለውም በአብዛኛው በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች ይገኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ቢባልም፣ ለማን ይናገረዋል? በሌሊት ብቻውን የተቀመጠ ወጣት ሠራተኛ ለመሣሪያው ጭንቀቱን ጽፎ «ወደ ሐኪም ሂድ፤ ወዳጅህን አማክር» የሚል ቃል ቢያገኝ መልካም ነው። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የአሜሪካ መምህር እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. እንደ ሐኪም እየጠየቀ የሚያነጋግር «ኤሊዛ» የሚባል ቀላል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ቃል አዙሮ ከመጠየቅ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም የመምህሩ ጸሐፊ፣ ሲሠራ እያየች የቆየች ሳለች፣ ከፕሮግራሙ ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ፈልጋ ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። ዋይዘንባም ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የጨረሰው መሣሪያን እንደ ሰው ማመን አደገኛ መሆኑን በማስጠንቀቅ ነው። የሰው ልብ የሚያዳምጠው ካገኘ ማንነቱን ሳይጠይቅ ይከፈታል፤ ስለዚህም ነው የተከፈተውን ልብ የያዘ ሰው ኃላፊነቱ የከበደ የሚሆነው።

በ2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር ሠራተኞች የብቃት ፈተና ተፈትነዋል። እንግዲህ ፈተናውም መሣሪያውም ወደየክልሉ መድረሳቸው አይቀርም። ሲደርሱም በእጃቸው የሚይዟቸው ዛሬ በትምህርት ቤት ያላችሁትና በቅርቡ ጠረጴዛ የተሰጣችሁ ወጣቶች ናችሁ። ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኛን ለመርዳት ተብሎ የተጠየቀ ነገር ለሹመት ወይም ለሽረት መመዘኛ አይሁን። የሕመም ወረቀትና የሹመት ወረቀት በአንድ መሳቢያ አይቀመጡ።

ሁለተኛ፣ የሰው ስምና ምሥጢር ወዴት እንደሚሄድ ለማታውቀው መሣሪያ አትስጥ። አለቃ ቢያዝህም ሕጉን አሳየው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ባለመናገርህ የሚቀረው የሌላ ሰው እንጀራ ነው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው ሐሳብ ያቅርብ እንጂ አይፍረድ። በሰው ዕድል ላይ የሚወሰን ነገር ሁሉ ከሥሩ የአንድ ሰው ስምና ፊርማ ይኑርበት፤ ተበድያለሁ የሚል ሰው ሄዶ «ስለምን?» የሚለው ሰው ይኑር።

አራተኛ፣ የጥያቄ ወረቀት በሕዝቡ ቋንቋና አነጋገር ሳይፈተን አይታደል። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩት ይህ ታላቅ የሥራ መስክ ነው። በርታው ኀዘኑን በምን ቃል ይናገራል? ጉሙዙ ጭንቀቱን፣ ሺናሻው ድካሙን በምን ይገልጻል? ይህን ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቃችሁ ብትጽፉት፣ ለሐኪሙም ለመሣሪያውም የሚጠቅም፣ ከእናንተ በቀር ማንም ሊሠራው የማይችል ሥራ ነው።

ለዚያ ወጣትም የመለስኩለት ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ሴትዮዋ ስለ ዝርዝሩ ታውቃለች?» አልኩት። «አታውቅም» አለኝ። «እንግዲያውስ ዝርዝሩን ለአለቃህ ከማስረዳትህ በፊት ለእርሷ ንገራት፤ ወረቀቱ የእርሷ ነውና» አልኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ የሆነውን ጻፈልኝ። አለቃው ነገሩን ሰምተው አዝነዋል፤ ዝርዝሩን ቀደው አመልካቾች ሁሉ በሥራቸው እንዲመዘኑ አድርገዋል። ቦታውን ያገኘው ሌላ ሰው ነው። ሴትዮዋ ግን «በሥራዬ ተመዝኜ ተበለጥኩ፤ ቅር አይለኝም» ብላለች አለኝ።

የደብዳቤው መጨረሻ ግን አልለቀቀኝም። «ጋሼ፣ ወረቀቱን ቀደድነው፤ በዚያች ሌሊት በስልኬ የላክኋቸውን 41 ስሞች ግን ከየት ፈልጌ እቀድዳቸዋለሁ?» ይላል። እኔም መልስ አላገኘሁለትም። እናንተ ወጣቶች ግን መልሱ ከመላክ በፊት ማሰብ መሆኑን ከእርሱ ተማሩ።